ሐኪም ሐኪም ሲያጣ፦ የዶክተር ኦሊቪዬ አሜዘን ጉዳይ

መጠጥ ያሸነፈው ሰው ቤት ውስጥ ሲኖር ቤተሰብ መጀመሪያ የሚጠይቀው "የት እንውሰደው?" ብሎ ነው። ወስደነው ጥሩ ይታከም አይታከም በምን እንደምናውቅ ግን ብዙ ጊዜ አናስብበትም። ገንዘብ ያለው፣ ትልቅ ከተማ የሚኖር፣ ሐኪም ወዳጅ የማያጣ ሰው በዚህ የሚቸገር አይመስለንም። የዶክተር ኦሊቪዬ አሜዘን ጉዳይ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። ሰውየው ራሳቸው ሐኪም ነበሩ። የሚሠሩት ኒው ዮርክ ውስጥ፣ ስሙ ከሚጠራ የማስተማሪያ ሆስፒታል ጋር ነው። ያም ሆኖ የሚሆናቸውን ሕክምና ሳያገኙ ዓመታት አለፉ። በመጨረሻ ያገኙትንም ራሳቸው ናቸው ፈልገው ያገኙት።

ታሪኩን በ2005 በሕክምና መጽሔት ላይ፣ በ2008 ደግሞ በመጽሐፍ በስማቸው አውጥተውታል። የማወራውም ከዚያ ተነሥቼ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሰውየው

አሜዘን በ1953 ፈረንሳይ ተወለዱ። ፒያኖ አሳምረው ይጫወቱ ነበር፤ የመረጡት ግን ሕክምናን ነው። የልብ ሐኪም ሆነው በ1983 ወደ ኒው ዮርክ ተሻገሩ። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል ሠሩ፣ አስተማሩ። በ1994 ማንሃተን ውስጥ የራሳቸውን ክሊኒክ ከፈቱ።

ከውጭ ለሚያያቸው ምንም የጎደላቸው ነገር የለም። ውስጣቸው ግን ከልጅነታቸው ጀምሮ ሰላም አልነበረውም። ጭንቀት ሲይዛቸው ጡንቻቸው ይወጠራል፣ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። በሥራቸው የቱንም ያህል ቢመሰገኑ "አንድ ቀን ይነቃብኛል፣ ለዚህ ቦታ አልመጥንም" የሚል ስሜት አይለቃቸውም። ሰው በተሰበሰበበት አንድ ሁለት ሲሉ ያ ሁሉ ፍርሃት ለጥቂት ሰዓት ጥሏቸው ይሄዳል። ከሰው ጋር መጫወት ይቀላቸዋል። እንዲህ እንዲህ እያለ መጠጡ ከግብዣ ወደ ቤት ገባ። ቤት ከገባ በኋላ ደግሞ መጠኑ ጨመረ።

አንድ ነገር ሊመሰገንላቸው ይገባል። በሽተኛ ላይ አደጋ አደርሳለሁ ብለው በመስጋት በራሳቸው ፈቃድ ሕመምተኛ ማየት አቆሙ። ብዙ ሰው ሥራውን የሚተወው ሲባረር ነው፤ እሳቸው ማንም ሳይነግራቸው ተዉት። ችግሩን የማያምን ሰው እንዲህ አያደርግም። ይህን በልቡናችሁ ያዙልኝ፤ ኋላ ላይ "ለመዳን አልቆረጡም" የሚል ፍርድ ይመጣል።

መጠጡን ማቆም

በ1997 አሜዘን መጠጡ ሲቋረጥባቸው አንዘፍዝፎ ጥሏቸው ሆስፒታል ገቡ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ነውና።

ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው ድንገት ቢያቆም ሰውነቱ ይናወጣል። አልኮል አንጎልን ሲያደነዝዝ ይኖራል፤ አንጎልም በበኩሉ ያንን ለመቋቋም ራሱን ያነቃቃል። አልኮሉ በድንገት ሲጠፋ ያ መነቃቃት ልጓም ያጣል። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንዘፍዘፍ ሊመጣ ይችላል። በሁለተኛውና በአራተኛው ቀን መካከል ደግሞ አንዳንዱ ይቃዣል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ የት እንዳለ ይጠፋዋል። ይኼ ሳይታከም ከቀረ ይገድላል።

ሕክምናው የታወቀ ነው። እንደ ዲያዜፓም ያለ ማረጋጊያ ይሰጥና መጠኑ በየቀኑ እየተቀነሰ ይሄዳል። ከዚያ ጋር ታያሚን፣ ማለትም ቫይታሚን ቢ1 ይሰጣል፤ ያለሱ አንጎል የማይመለስ ጉዳት ሊደርስበት ይችላል። ሁለቱም ርካሽና የቆዩ መድኃኒቶች ናቸው። ስለዚህ ሰውየውን ክፍል ውስጥ ቆልፎ "ይውጣለት" ማለት ጭካኔም አደጋም ነው። ጸበል የሚወሰድ ሰውም ቢሆን መጠጡን በድንገት ካቋረጠ ሰውነቱ ያው ሰውነት ነው። መጀመሪያ ሐኪም ይየው፤ ጸበሉ የትም አይሄድም።

ይህ የማረጋጋት ሥራ ግን ጥቂት ቀን ነው የሚወስደው። ብዙ ሰው ይኼን ብቻ ይዞ "ታክሟል" ይባላል። አሜዘንም ከሆስፒታል ሲወጡ ሰውነታቸው ከአልኮል ነጽቷል፤ አምሮቱ ግን እንዳለ ነበር። ጭንቀቱም እንዳለ ነበር። ተመልሰው ጠጡ።

የተሰጣቸው ሁሉ

ከዚያ በኋላ ያልሞከሩት የለም ማለት ይቻላል። ማገገሚያ ማዕከል ተኝተው ታከሙ፣ ወጡ፣ ተመልሰው ገቡ። የንግግር ሕክምና ተከታተሉ። የአልኮል ሱሰኞች የጋራ መረዳጃ ስብሰባዎች ላይ ለዓመታት ተቀመጡ። መድኃኒቶቹንም ወሰዱ። ዳይሰልፊራም የወሰደ ሰው መጠጥ ከቀመሰ ፊቱ ይቀላል፣ ልቡ ይመታል፣ ያስታውከዋል፤ በፍርሃት የሚሠራ መድኃኒት ነው። ናልትሬክሶን መጠጥ የሚሰጠውን ደስታ ያደበዝዛል። አካምፕሮሴት ካቆሙ በኋላ የሚቀረውን ውስጣዊ ሁከት ያረጋጋል ተብሎ ይሰጣል። ለብዙ ሰው ጠቅመዋል። እሳቸውን አልያዙላቸውም።

የጋራ ስብሰባዎቹን ላጣጥል አይደለም ይህን የምለው። በ1935 አሜሪካ ውስጥ የተጀመረው ይህ መንገድ ብዙ ሰው አድኗል። ምርምሮችን እያሰባሰበ የሚመዝነው የኮክሬን ግምገማ በ2020 እንዳወጣው፣ ወደዚያ የሚመራ የተደራጀ ሕክምና መጠጥን ሙሉ በሙሉ በማስተው ረገድ ከሌሎቹ የንግግር ሕክምናዎች አያንስም፤ እንዲያውም ይበልጣል። ክፍያ የለውም፤ ማታ ከሥራ በኋላም ይገኛል። አሜዘን ራሳቸው እዚያ ያገኙትን የሰው ፍቅር አልካዱም። ችግሩ ስብሰባው ላይ አልነበረም። ችግሩ ለአንድ ሰው ያልሠራው ነገር ደግሞ ደጋግሞ ሲታዘዝለት ነው።

ዋናው ነገር ይኸውላችሁ። አሜዘን ለሚያክሟቸው "ጭንቀቴ ከመጠጡ በፊት የነበረ ነው" ይሉ ነበር። የሚመለስላቸው መልስ "መጠጡን ተው፣ ጭንቀቱም ይተውሃል" ነው።

ለመልሱ ፍትሕ ልስጥ። ግማሹ እውነት ነው። አልኮል ራሱ ጭንቀትና ድብርት ያመጣል፤ ካቆሙ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የብዙዎቹ ይቀልላቸዋል። ጥሩ ሐኪም የጭንቀት በሽታ ብሎ ከመፈረጁ በፊት ያን ያህል መጠበቁ ልክ ነው። ግን ጠብቆ ሲያበቃ ተመልሶ መጠየቅ አለበት። የእሳቸው ጭንቀት ሳይጠጡ በቆዩባቸው ጊዜያትም አልለቀቃቸውም። መጠጡን የጀመሩት ያንን ለማስታገስ ከሆነ፣ ጭንቀቱን እንዳለ ትቶ መጠጡን ብቻ መቀማት ምን ሊያመጣ ኖሯል?

በጠጡ ቁጥር የሚመጣው ማብራሪያ ደግሞ አንድ ነበር፤ አልቆረጥክም፣ መንገዱን በሙሉ ልብህ አልያዝክም። እሳቸው የልብ ሐኪም ናቸው። የደም ግፊት ሕመምተኛ መድኃኒቱ ካልሠራለት መጠን ይጨመርለታል፣ ካልሆነ ይቀየርለታል፣ ኩላሊቱ ይመረመራል። "ግፊትህን ለማውረድ አልቆረጥክም" የሚለው የለም። በሱስ ሕክምና ግን የከሸፈው ሕክምና ሳይነካ ይቀመጥና ጥፋተኛው ሕመምተኛው ይሆናል። እኔ በዚህ ጉዳይ ውስጥ ትልቁ ጥፋት ይኼ ነው እላለሁ። የማዕከሉ አልጋ ንጹሕ ይሁን፣ ግቢው አበባ ይኑረው፣ ሠራተኛው ትሑት ይሁን፤ ሕክምናው ሳይሠራ ሲቀር ዕቅዱን የሚቀይር ሰው ከሌለ ጥራት የለም።

ራሳቸውን ሲያክሙ

መውጫው በጋዜጣ መጣ። አንዲት ወዳጃቸው ከኒው ዮርክ ታይምስ የቆረጠችውን ጽሑፍ ላከችላቸው። ጽሑፉ ፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በአና ሮዝ ቻይልድረስ ስለሚመራ ምርምር ነው። ሰውነቱ ሽባ የሆነ አንድ የኮኬይን ሱሰኛ ለጡንቻ መኮማተር ባክሎፈን ይወስዳል፤ የኮኬይን አምሮቱ እንደቀነሰለት ይናገራል።

ባክሎፈን አዲስ መድኃኒት አይደለም። የነርቭ ሐኪሞች ለጡንቻ መወጠር ለአሥርት ዓመታት ሲያዙት የኖረ ነው። አሜዘን ማንበብ ጀመሩ። ጣሊያን ውስጥ፣ ካልያሪ ከተማ፣ ተመራማሪዎች አልኮል ለለመዱ አይጦች ሰጥተዋቸው ፍላጎታቸው ቀንሷል፤ መጠኑ ሲጨምር ደግሞ ውጤቱም ይጨምራል። ሮም ላይ ጆቫኒ አዶሎራቶና ባልደረቦቹ ለሰዎች በቀን 30 ሚሊግራም ሰጥተው ተስፋ የሚሰጥ ነገር አይተዋል። አሜዘን ሁለቱን አጋጠሙ። የነርቭ ሐኪሞች እስከ 300 ሚሊግራም ድረስ ይሰጣሉ። ታዲያ የአይጦቹ ውጤት በመጠን የሚጨምር ከሆነ፣ በሰው ላይ 30 ላይ ለምን ይቆማል?

በ2004 መጀመሪያ ለራሳቸው አዘዙ። ከ30 ሚሊግራም ተነሥተው በየሦስት ቀኑ 20 ይጨምራሉ። በአምስተኛው ሳምንት ግድም 270 ሲደርሱ አንድ ነገር ሆነ። መጠጥ ፊታቸው ቢቀመጥ ምንም አይመስላቸውም። መታገል የለም፣ ጥርስ መንከስ የለም። ጭንቀቱም ተረጋጋ። ግን እንቅልፍ እንቅልፍ ስላላቸው መጠኑን ወደ 120 አወረዱ፤ አምሮቱ አልተመለሰም። ስምንት ወር በዚያ መጠን ቆይተው ታሪካቸውን "አልኮል ኤንድ አልኮሊዝም" በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አወጡ። መደምደሚያቸው ተቆጥቦ የተጻፈ ነው፤ ነገሩ በዕጣ በተመደቡ ሕመምተኞች ላይ፣ በሐኪም ክትትል ይፈተሽ ይላል። አንድ ፕሮፌሰር ሐኪም በስሙ "የአልኮል ሱሰኛ ነኝ" ብሎ መጻፉ ደግሞ ለሙያው ትንሽ ነገር አልነበረም።

እዚህ ላይ አንባቢ ወደ ፋርማሲ እንዳይሮጥ እለምናለሁ። ባክሎፈን በብዛት ሲወሰድ ያደነዝዛል፣ ትንፋሽ ያዳክማል፤ ከመጠጥ ጋር ሲደባለቅ ይብሳል። ለምዶት የነበረ ሰው በአንድ ጊዜ ቢተወውም መንዘፍዘፍና መቃዠት ሊያመጣ ይችላል። አሜዘን ሐኪም ሆነውም ቢሆን ብቻቸውን የሄዱበት መንገድ አደገኛ ነበር። ብቻቸውን የሄዱት አብሯቸው የሚሄድ ስላጡ ነው።

ፈረንሳይ ታመሰች

መጽሐፉ በ2008 ሲወጣ ፈረንሳይ ተነቃነቀች። ሕመምተኞች መጽሐፉን ይዘው ሐኪም ቤት ይሄዳሉ፤ ግማሹ ሐኪም ያዝዛል፣ ግማሹ "ማስረጃ የለም" ብሎ ይመልሳል። መድኃኒቱ ለአልኮል ያልተፈቀደ ስለሆነ ያዘዘው በራሱ ኃላፊነት ነው። አሜዘን ምርምር ይሠራ ብለው ሲሟገቱ ቆይተው በሐምሌ 2013 በ60 ዓመታቸው በልብ ሕመም ፓሪስ ውስጥ አረፉ። ከስምንት ወር በኋላ፣ በመጋቢት 2014፣ የፈረንሳይ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ጊዜያዊ ፈቃድ ሰጠ።

ታዲያ ልክ ነበሩ? ነገሩ ወለም ዘለም ይላል። በ2007 የአዶሎራቶ ቡድን ጉበታቸው የጠነከረባቸውን 84 ሕመምተኞች አጥንቶ፣ በቀን 30 ሚሊግራም ከወሰዱት 71 በመቶው መጠጥ ትተው ቆይተዋል፤ መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ ክኒን ከወሰዱት ግን 29 በመቶው ብቻ። በርሊን ውስጥ በ56 ሰዎች ላይ እስከ 270 ሚሊግራም ተሰጥቶ ውጤቱ ጥሩ ሆነ። ፈረንሳይ ውስጥ 320 ሰዎች የተሳተፉበት አንድ ጥናት መጠጣቸውን ለጉዳት ወደማይዳርግ መጠን የቀነሱት ወይም የተዉት ባክሎፈን ከወሰዱት መካከል እንደሚበዙ አሳየ። እዚያው ፈረንሳይ የተሠራ፣ በ180 ሚሊግራም የተሞከረ ሌላ ጥናት ግን ሙሉ በሙሉ በመተው ረገድ ከማስመሰያው የተለየ ነገር አላገኘም። የኔዘርላንድሱም እንዲሁ።

በ2017 ደግሞ ክፉ ዜና መጣ። የፈረንሳይ የጤና መድን ተቋም ከሌሎች ጋር ሆኖ ከ200 ሺህ በላይ ሰዎችን መረጃ መረመረ። በቀን ከ180 ሚሊግራም በላይ የወሰዱት የመሞት ዕድላቸው ሌሎቹን የአልኮል መድኃኒቶች ከወሰዱት ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ወዲያው ጣሪያው ወደ 80 ሚሊግራም ወረደ። በ2018 መድኃኒቱ ለአልኮል ሕክምና በመደበኛነት ሲፈቀድም በዚያው 80 ጣሪያ ነው። ማለትም አሜዘንን ያዳናቸው መጠን ዛሬ በአገራቸው አይፈቀድም።

አንዳንዶች ከዚህ ተነሥተው ሰውየው ተሳስተዋል ይላሉ። እኔ እንደዚያ አላነበውም። መድኃኒቱ ለሁሉ የሚሆን ተአምር አይደለም፤ ይኼ ተረጋግጧል። በ2023 የወጣው የኮክሬን ግምገማ ግን ባክሎፈን በተለይ መጠጥ አቁመው ለጀመሩት ወደ መጠጥ መመለስን ሳይቀንስ አይቀርም ብሏል። መጀመሪያ የሚሞከር መድኃኒት ባይሆንም ሌላው እምቢ ሲል የሚታሰብ ነው። አሜዘን ከሐኪሞቻቸው ያጡትም "ሌላው እምቢ ሲል" የሚለውን ነው።

ለእኛ የሚተርፈው

ብዙ ቤተሰብ የሚያውቀው ሁለት በር ነው፤ የአእምሮ ሆስፒታል ወይም ጸበል። አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል ሲባል አሁንም የሚያፍር አለ። ሐኪሞቹ ግን መጠጥ የሚያሠቃየውን ሰው ማየት የዘወትር ሥራቸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ናልትሬክሶንና አካምፕሮሴትን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቷል፤ ስለዚህ "ለመጠጥ መድኃኒት የለውም" የሚል ባለሙያ ካጋጠማችሁ ሌላ ባለሙያ ጠይቁ። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ የአገሪቱ የአልኮል ጥናት ተቋም ከ2017 ጀምሮ ሕክምና እንዴት እንደሚመረጥ የሚያሳይ ነጻ መመሪያ በድረ ገጹ አለው። ማስታወቂያ አይደለም፤ የሚሸጥላችሁም ነገር የለም።

ከአሜዘን ጉዳይ ተነሥቼ አንድ ማዕከል ብጠይቅ መጀመሪያ የምጠይቀው "ሦስት ወር ታክሞ ተመልሶ ቢጠጣ ምን ታደርጋላችሁ?" ብዬ ነው። "እናስወጣዋለን" ካሉኝ፣ ወይም "እኛ ጋ የታከመ አይጠጣም" ካሉኝ፣ አመስግኜ እወጣለሁ። የመዳን ዋስትና የሚሰጥ ቦታ ገንዘብ ነው የሚያየው። ቀጥዬ ማን እንደሚመረምር እጠይቃለሁ። ሐኪም አለ? መድኃኒት ያዝዛል ወይስ "እኛ መድኃኒት አንሰጥም" የሚል ደንብ አላቸው? ጭንቀት፣ ድብርት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የደረሰበት ክፉ ነገር ካለ ያንን አብሮ የሚያክም አለ? ከወጣ በኋላ ክትትሉ እስከ መቼ ነው? አንድ ወር ተኝቶ ወጥቶ ማንም የማይደውልለት ከሆነ፣ ያ ወር የእረፍት ጊዜ ነው የሚሆነው። ዋጋውን በመጨረሻ እጠይቃለሁ፤ ውድ መሆኑ ብቻውን ጥሩ እንደማያደርገው አሜዘን አይተውታል።

ለመጀመሪያው ቀጠሮ ስትሄዱ ባለፉት ሁለት ሳምንታት በየቀኑ ምን ያህል እንደተጠጣ፣ አረቄም ሆነ ቢራ፣ በወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። የሚወሰድ መድኃኒት ካለ ስሙን ጻፉ። ጭንቀቱ ወይም ድብርቱ ከመጠጡ በፊት የነበረ ከሆነ በየትኛው ዕድሜ እንደጀመረ ንገሯቸው፤ ካልጻፉት ድጋሚ ንገሯቸው። ከዚህ በፊት መጠጥ ሲያቆም ተንዘፍዝፎ ወይም ቃዥቶ የሚያውቅ ከሆነ ደግሞ ያንን ከሁሉ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ቤት ሆኖ ማቆም ይችል እንደሆነና አልጋ መያዝ ያስፈልገው እንደሆነ የሚወስኑት በዚያ ነው።